ሽማግሌዎቹ የበሉት የውሃ ፌጦ

ልጄን ሊጠይቁ ለሦስተኛ ጊዜ የመጡትን ሽማግሌዎች የሸኘኋቸው ወደየቤታቸው አልነበረም። ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነበር፤ ያውም እንደ ሸኚ ሳይሆን እንደ አብሮ ታማሚ። ሲያትል ውስጥ ነገሩን ያልሰማ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ብዙ ቅመም ገብቶበታል። አንዱ «አማቾቿን ልትመርዝ ነበር» ይላል፤ ሌላው ሰው ሞቷል ብሎ እስከ ማልቀስ ደርሷል። ማንም አልሞተም። እንግዲህ ከወሬ ነጋሪው ይልቅ ከቅጠል ቆራጯ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

ስሜ ዘነበች ይባላል። የምኖረው ስካይዌይ ነው። ሥራዬ ቤት ለቤት እየሄድኩ አቅመ ደካማ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ባለቤቴ አስፋው የኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤ አባል ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሰውን ሰው ወደፈለገበት ያደርሳል፤ እሁድ ግን ሰው ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ዝምተኛ ነበርኩ። ሰው ሁሉ «ዘኒ እኮ ጨዋ ናት» ይለኛል። ጨዋ ማለት አስተያየት የሌላት ማለት መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ከቤታችን ጀርባ መሬቱ ቁልቁል ይወርዳል። ከቁልቁለቱ ሥር ምንጭ ይፈልቅና ረግረግ ይሠራል። እኛ ቤቱን ስንገዛ ያንን ረግረግ እንደ ጉድለት ነበር የቆጠርነው። አስፋው «ትንኝ ማርቢያ» ይለዋል። ጎረቤታችን ሚስ ሊን ግን የምታየው እንደ ጓዳዋ ነው። ሚስ ሊን ከቬትናም የመጣች ባልቴት ናት። የእሷም የእኔም እንግሊዝኛ ለመግባባት አይበቃም፤ ሁለቱ ሲደመሩ ደግሞ ጭራሽ ይቀንሳሉ። ስለዚህ በእጅ ነው የምናወራው።

አንድ ክረምት አስፋው የማይለቅ ሳል ያዘው። ሌሊት ሌሊት ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል። ሚስ ሊን ድምፁን በግድግዳ ሰምታ ኖሮ በማግስቱ በማሰሮ ሾርባ ይዛ መጣች። ዝንጅብል አለው፣ ነጭ ሽንኩርት አለው፣ ላዩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተንሳፍፏል። ደረቷን መታ መታ አደረገችና ሳል አስመሰለች፤ ከዚያ እጇን አወናጨፈች። ሄደ ማለቷ ነው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ አስፋው።

«የሳል መድኃኒት።»

«እኔ ላም ነኝ እንዴ ቅጠል የሚቀቀልልኝ?» አለና እየተነጫነጨ ማሰሮውን ጨረሰው። ሁለት ሦስት ቀን ከጠጣው በኋላ ሳሉ ለዘብ አለ። እሱ ግን «ጸበል ነው» አለ። ጸበልም ጠጥቶ ነበርና አልተከራከርኩም። ያኔ በምንም ነገር አልከራከርም።

ሚስ ሊን የላስቲክ ቦት ጫማ አውሳኝ ወደ ረግረጉ ወሰደችኝ። ቅጠሉ የሚበቅለው ጥርት ብሎ በሚወርደው ውሃ ውስጥ ነው፤ ሥሩ ነጭ ክር እየመሰለ ከግንዱ አንጓ ላይ ይወጣል፣ ቅጠሎቹ ክብ ክብ ናቸው፣ ጫፉ ላይ ያለው ከሁሉም ይበልጣል። ቆረጠችና አፌ ውስጥ ከተተችልኝ። መጀመሪያ ውሃ ውሃ አለኝ። ቀጥሎ ምላሴን ቆነጠጠኝ፣ አፍንጫዬ ድረስ ወጣ።

«ፌጦ!» ብዬ ጮህኩ።

በልጅነቷ ሆዷን ሲቆርጣት ፌጦ በሎሚ ተግታ ያደገች ሴት ያንን ጣዕም አትስትም። ፌጦ የሚወቀጥ ዘር ነው፣ ይኼ የሚበላ ቅጠል ነው፤ ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሚስ ሊን «ዋተርክረስ» አለችኝ። እኔ «የውሃ ፌጦ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ያልገባበት ወጥ የለም። እንደ ጎመን በነጭ ሽንኩርት አበስለዋለሁ፣ ሽሮ ልታወጡ ስትሉ ጣል ብታደርጉበት ሽሮውን ያነቃዋል፣ ከድንች ጋር ሾርባ ይሆናል። ጉንፋን የያዘው ሁሉ እኔ ቤት መምጣት ጀመረ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በምክር ሰጪነት የታወቅሁት በዚህ ብቻ ነው፤ ስለ ሌላ ጉዳይ የጠየቀኝ የለም።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ማህሌት ኮሎምቢያ ሲቲ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። ናትናኤል የሚባል ልጅ ወደደች። ናቲ ሌክ ሲቲ የሚኖር ኤሌክትሪሽያን ነው። ረጋ ያለ፣ ሰው አክባሪ፣ ሲጋራ የለ፣ መጠጥ የለ። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ጴንጤ ነው። በቸርቻቸው ጊታር ይጫወታል። አስፋው ይህን የሰማ ቀን «ጊታር?» ያለበትን ድምፅ ብትሰሙ ልጁ ባንክ የዘረፈ ይመስላችሁ ነበር።

ሽማግሌዎች መጡ። ሁለት ነበሩ። አንዱ የናቲ አጎት አቶ ደረጀ፣ ራሳቸውም ጴንጤ፣ ድምፃቸው ያለ ማይክ አዳራሽ የሚሞላ። ሌላው ጋሽ መኮንን ናቸው። ጋሽ መኮንን የእኛው ቤተ ክርስቲያን ሰው፣ የተከበሩ ኦርቶዶክስ ሽማግሌ። እነ ናቲ እሳቸውን መላካቸው ብልጠት ነበር፤ አስፋው በር ሊዘጋባቸው አይችልም። በመጀመሪያው ቀን «እናስብበት» አላቸው። በሁለተኛው «ከዘመድ እንምከር» አላቸው። ሦስተኛው ላይ መልስ መስጠት ግዴታ ነው። አስፋው ደግሞ መልሱን ወስኗል፤ አይሆንም ሊል ነው። ጠዋት ከቅዳሴ ስንመለስ መኪና ውስጥ ነገረኝ። እኔም ጨዋ ስለሆንኩ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

ቀኑ የሰኔ ጾም እሁድ ነበር። አስፋው ሰው ሊያሳፍርም ቢሆን አብልቶ ነው፤ ይሉኝታው አይፈቅድለትም። «ምሳ ቀምሰው ነው የምንነግራቸው» አለኝ። ሽሮ ሠራሁ፣ ምስር ሠራሁ። ሰላጣ ሲጎድለኝ መቀስና ሳህን ይዤ ወደ ረግረጉ ወረድኩ። ሌላ ጊዜ አብስዬው ነው የምሰጠው። ያን ቀን ግን ሙቀት ስለነበረ ጥሬውን ከታትፌ ሎሚና ዘይት፣ ቃሪያና ሽንኩርት ጨመርኩበት።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው አንቀመጥም አሉ።

«መልሳችንን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ መኮንን።

«ጋሽ መኮንን፣ መልሱ የትም አይሄድም፤ ምግቡ ግን ይቀዘቅዛል» አለ አስፋው።

ተግደርድረው ተቀመጡ። ማህሌት እንደ ደንቡ ፎቅ ላይ ክፍሏ ውስጥ ናት። ሁሉም ሰላጣውን ወደዱት። አቶ ደረጀ የማይጾሙ ሰው በመሆናቸው የጾም ምግብ እንደማያጠግባቸው አስቀድመው አስረድተውን ነበር፤ ቢሆንም የሰላጣውን ሳህን በእንጀራ ጠርገው አወጡት። አስፋው ራሱ «ፌጦ ፌጦ ይላል፣ መድኃኒት ነው» እያለ ሲያጎርሳቸው ነበር። ሳህኑን አነሳሁ። የተረፈውን ግንድ ሁሉ የዕቃ ማጠቢያው መፍጫ ውስጥ ጨምሬ ፈጨሁት። ንጹሕ ሴት ነኝ።

አስፋው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ» አለ። «የመጣችሁበት ጉዳይ…»

ይሄኔ ማህሌት በጓዳ በኩል በቀስታ ወረደች። እርቧታል፤ የሚጎርስ ነገር ፍለጋ ነው። በጓሮው በር ላይ ጭቃ የነካውን ቦት ጫማ አየች፤ አጠገቡ መቀሱን።

«ማሚ፣ ሰላጣውን ከየት ነው ያመጣሽው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ከታች ነዋ፣ ከውሃው።»

ፊቷ ተለወጠ። «ማሚ! ፕሊስ ጆክ ነው በይኝ።»

«ምን ሆነሻል?»

«ሰሞኑን የመንግሥት ሠራተኞች መጥተው ነበር፣ ጓንትና ማስክ አድርገው ታች ያለውን ሳር የሚነቅሉ። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ሄምሎክ የሚባል መርዝ ነው፣ አገሩ ላይ ካሉት ሁሉ የከፋ ነው፣ እዛ ሁሉ ሞልቷል አሉኝ። ሥራ ረፍዶብኝ ሮጥኩ፤ ልነግርሽ ነበር፣ ረሳሁት። ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ! ሁላችሁም በላችሁ?»

ሳሎን ውስጥ አስፋው «የመጣችሁበት ጉዳይ» የሚለውን ሁለተኛ ጊዜ ጀምሮታል።

ማህሌት ስለ መርዝ የሚያማክሩ ሰዎች ያሉበት የስልክ መስመር ላይ ኮል አደረገች። ስፒከር ላይ አደረገችውና ሳሎን ገባች። ሙሽራዋ በሽማግሌ ፊት በቲሸርት ብቅ ስትል ጋሽ መኮንን ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ስልኩ ላይ ያለችው ሴት ድምጿ ለስላሳ ነው፤ ለዚህም ነው ይበልጥ ያስፈራው።

«ግንዱ ውስጡ ባዶ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ማህሌት ተረጎመችልኝ።

«ባዶ ነው።»

«አበባው ነጭ ነው?»

«ነጭ ነው።»

«የሁለቱም ነጭ ነው፣ የሁለቱም ግንድ ውስጡ ባዶ ነው» አለች ሴትዮዋ። «ጎን ለጎንም ይበቅላሉ። የተረፈ አለ?»

አቶ ደረጀን አየኋቸው። አቶ ደረጀ ሳህኑ የነበረበትን ቦታ አዩ።

«የለም» አልኩ።

ሴትዮዋ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ አለች። ከበላችሁት ውስጥ አንድ ሥር እንኳ ገብቶበት ከሆነ ሊያንቀጠቅጥ፣ ሊጥል ይችላል፤ የበላ ሰው መኪና እንዳይነዳ። ማህሌት ይህን በአማርኛ ስታስረዳ ቃል አጠራትና «ሊገላችሁ ይችላል» ብላ አሳጠረችው።

ከዚያ አስፋው ወደ እኔ ዞረ። «ዘኒ፣ ምን አበላሽን?»

ምን እንዳበላኋቸው አውቅ ነበር፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ። እጄን እስከ አንጓዬ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከትቼ ክብ ክቡን ቅጠል መቁረጤ ትዝ ይለኛል። ግን ሰው «እርግጠኛ ነሽ?» ሲለኝ ውሃው ደፈረሰብኝ። ዳር ላይ ያለውን ረጅሙን ጭምር ነክቼ ይሆን? መቀሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ዘሎ ይሆን? ያን ጊዜ ያየሁትን ፍርሃት ለጠላቴም አልመኝም። የራሴን ሞት አይደለም። ሽማግሌ የገደለች ሴት ተብዬ መኖርን ነው የፈራሁት፤ እኔ ደግሞ ብተርፍስ?

በማህሌት መኪና ታጭቀን ሄድን። ጋሽ መኮንን ፊት ተቀመጡ፤ ለዕድሜያቸው። እኛ ሦስታችን ከኋላ፣ አስፋው በአቶ ደረጀና በእኔ መካከል። ማህሌት እየነዳች ለናቲ ደወለች። ሽማግሌ የተላከለት ሰው ከሙሽራዋ የመጀመሪያ ጥሪ ሲደርሰው ምን እንደሚጠብቅ አስቡት።

«ናቲ፣ ሶ… ሁሉም ሆስፒታል እየሄዱ ነው።»

«ተጣሉ?» አለ ናቲ።

«ኖ፣ ሰላጣ በሉ።»

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ነርሶቹ ሱፍ የለበሱ ሁለት አዛውንትና የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት አይተው «ከሰርግ ነው የመጣችሁት?» አሉን። ማህሌት «ገና ነው» አለች። አራት አልጋ ሰጡን፣ በመጋረጃ ብቻ ተለያይተን። ደም ወሰዱ፣ ደረታችን ላይ ሽቦ ለጠፉ። ወጣት ሐኪም መጥታ ነገሩን በግልጽ ነገረችን። ማርከሻ የለውም። ከጀመረ ማንቀጥቀጡን እናክማለን፤ ካልጀመረ ደግሞ ሰዓቱ እስኪያልፍ ቁጭ ብለን እናያችኋለን። መጠበቅ ብቻ ነው።

ወገኖቼ፣ መጠበቅ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁት። እያንዳንዱ የሆድ ጩኸት መልአከ ሞት ነው። እጄ ላብ ሲያልበው «ይኸው» እላለሁ። ከመጋረጃው ወዲያ አስፋው ውዳሴ ማርያም ጀመረ። ከእሱ ማዶ አቶ ደረጀ «በኢየሱስ ስም መርዙን እገሥጻለሁ!» ብለው ድምፃቸውን ለቀቁት።

አስፋው አቋረጠና «አቶ ደረጀ፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይገሥጹልን፤ ጸሎቴን አሳቱኝ» አለ።

«ወንድሜ፣ መርዝ በሹክሹክታ አይወጣም!»

«እግዚአብሔር አይሰማም እንዴ?»

«እሱማ ይሰማል፣ እኔ የምጮኸው ለመርዙ ነው።»

ነርሷ መጥታ ሁለቱንም ዝም አሰኘቻቸው። ሁለቱም በሹክሹክታ ቀጠሉ። ሁለቱንም ጸሎት ሰማኋቸው። ቃሉ ይለያያል እንጂ ሁለቱም የሚለምኑት እንዳይሞቱ ነው፤ ደግሞም ሁለቱም መጨረሻ ላይ የእኔን ስም ጠሩ፣ እንዳትጠየቅበት ብለው። እዚህ ላይ አለቀስኩ።

ድንገት ጋሽ መኮንን ከመጋረጃቸው ጀርባ «አቶ አስፋው» አሉ።

«አቤት ጋሼ።»

«ቅድም ንግግር ጀምረው ነበር።»

«ጋሽ መኮንን፣ ይሄ ጊዜው ነው?»

«ሽማግሌ የተላከበትን ሳይጨርስ ቢሞት ወዲያ ማዶ ምን ይላል? መልስ እየጠበቅሁ ነበር ይላል? ያሳፍራል።»

አስፋው በሽቦ የተያያዘበት ማሽን ጲጵ ጲጵ ይላል፤ ከቅድሙ ፈጠን ብሎ።

ናቲ የደረሰው ይሄን ጊዜ ነው። በቀጥታ የመጣ አይደለም። ማህሌት ነግራው በስካይዌይ ዞሮ ረግረጉ ድረስ ወርዶ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ የተክሎቹን ፎቶ አንስቶ ነው የመጣው። ፎቶዎቹን ለስልኳ ሴትዮ ልኮላት ነበር። መልሱ ልባችንን አላሳረፈም። እኔ የምቆርጠው ቦታ ላይ ዋተርክረስ አለ፤ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ደግሞ ያ ጃንጥላ የመሰለ አበባ ያለው መርዝ ቆሟል። ሠራተኞቹ ሁሉንም አልጨረሱትም። ከሁለቱ የትኛውን እንደበላን የሚያውቀው ሆዳችን ብቻ ነው።

ለአንድ ታማሚ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚፈቀደው። ማህሌት እኔ ጋ ናት። አስፋው ብቻውን ነው፤ ያቅለሸልሸው ጀምሯል። ከፍርሃት ይሁን ከሰላጣው የሚያውቅ የለም። ነርሷ ናቲን መጋረጃው ጋ አቁማ አስፋውን ጠየቀችው።

«ይሄ ሰው ምንህ ነው? ቤተሰብ ነው?»

አስፋው ዝም አለ። የዚያን ዝምታ ርዝመት አሁንም እሰማዋለሁ። ናቲን ከዚያ በፊት አንድም ቀን አላናገረውም። «አላውቀውም» ቢል ነርሷ ታስወጣዋለች፤ «ቤተሰብ ነው» ቢል ደግሞ ለሦስት ጉብኝት የተዘጋጀበት መልስ ይፈርስበታል። ጋሽ መኮንን መጋረጃቸውን በጣታቸው ገለጥ አድርገው ያያሉ። አቶ ደረጀ መገሠጽ አቆሙ።

እኔ አልጋዬ ላይ ቀና አልኩ። ምን እንደነካኝ አላውቅም። መሞቴ ካልቀረ፣ ጨዋ ሆኜ መሞቴ ለማን ነው የሚጠቅመው ብዬ ይሆናል።

«ሂ ኢዝ አወር ሰን ኢን ሎው» አልኩ በዚያች በማትረባው እንግሊዝኛዬ። ከዚያ ለነርሷ ሳይሆን ለሁሉም እንዲሆን በአማርኛ ደገምኩት። «አማቻችን ነው። እኔ ሰጥቻለሁ።»

«ዘኒ!» አለ አስፋው።

«አቤት።»

«ምን አልሽ?»

«ልጄን ለናትናኤል ሰጥቻለሁ አልኩ። ዘጠኝ ወር የተሸከምኳት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ቤቴ ሲመጣ አንድም ቀን አንቺስ ያለኝ የለም። ዛሬ ከሞትኩ ሳልናገር አልሞትም። ከተረፍን ደግሞ ተጣላኝ።»

ማህሌት እጄን ጨመቀችው፤ የደም መርፌው ያለበትን እጅ። ነርሷ ከሁሉም አንዲት ቃል አልገባትም፤ ግን «ሰን ኢን ሎው»ን ሰምታለች፤ ናቲን «ግባ» አለችው። ናቲ ገባና ወንበር ስቦ አስፋው አጠገብ ተቀመጠ። ማስታወኪያ ዕቃውን ያዘለት።

ከዚያ አስፋው ተናገረ።

«የሰኔ ጾም ታውቃለህ?»

«በደንብ አላውቅም፣ ጋሼ።»

«አየህ።»

ናቲ ማስታወኪያ ዕቃውን አቀረበለት፤ አስፋው በእጁ ገፋው።

«አንተ አሁን ምሳ ምን በላህ?» አለ አስፋው። ጥያቄው ወጥመድ ነበር፤ ክትፎ እንዲለው ነው።

«አልበላሁም።»

«ቁርስስ?»

«እሱም አልሄደልኝም። ምን ይሉ ይሆን እያልኩ ከትናንት ጀምሮ ምግብ አልወርድ ብሎኛል።»

አስፋው አሰበበት። «እንግዲያው ጾመሃል» አለ በመጨረሻ፤ እንደ ተሸነፈ ሰው።

ሰዓቱ አለፈ። ማንም አልተንቀጠቀጠም። ሐኪሟ ተመልሳ መጣች፤ ፈገግ ብላለች። ደማችን ደህና ነው፣ ልባችን ደህና ነው፣ የበላችሁት ዋተርክረስ ነው ማለት ነው፣ ሂዱ አለች። ግን እንዲህ ካለ ረግረግ የወጣ ቅጠል ጥሬውን አይበላም፤ ከውሃው ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል፣ ሁልጊዜ አብስሉት፤ በመርዙ አጠገብ ካለ ደግሞ ጭራሽ አትንኩት ብላ መከረችን። አቶ ደረጀ «ሃሌሉያ!» ሲሉ ማዶ የተኛ የማናውቀው በሽተኛ ደንግጦ ተነሳ።

ስንወጣ ገና ፀሐይ ነበር፤ የሰኔ ምሽት ነውና። ፓርኪንጉ ውስጥ ማህሌት መኪናውን እስክታመጣ ቆመን ሳለን የአስፋው ፊት ቀስ በቀስ ሲመለስ አየሁት። ቀለሙ ሲመለስ ሐሳቡም አብሮ ተመለሰ።

«ጋሽ መኮንን» አለ፣ «ያ ውስጥ የተባለው ነገር… እንግዲህ የታመመ ሰው ንግግር ነው፣ አይያዝም።»

ጋሽ መኮንን ክንዳቸው ላይ የተለጠፈውን ጥጥ እያላቀቁ «እርስዎማ ምንም አልተናገሩም» አሉት። «የተናገሩት ወይዘሮ ዘነበች ናቸው። እሳቸው ደግሞ አልታመሙም። ሐኪሟ ስትናገር ሰምተዋል፣ የበሉት መድኃኒት ነው።»

አስፋው ወደ እኔ ዞረ። ወትሮ እንዲህ ሲያየኝ አንገቴን እደፋ ነበር። ያን ቀን አልደፋሁም፤ ምናልባት ደክሞኝ ይሆናል። ጋሽ መኮንን «አምቡላንስ ብቻ» የሚል ምልክት ሥር እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። «ውለዱ ክበዱ፣ ፍቅራችሁ ይጽና፣ የሚያጣላ ነገር ከመካከላችሁ ይራቅ» አሉ። አቶ ደረጀ አሜን አሉ፣ እኔ አሜን አልኩ፣ ናቲ ጭቃ በጭቃ ሱሪውን ይዞ ተንበረከከ። ከኋላችን አምቡላንስ ጡሩንባውን ነፋ፤ መንገድ ዘግተንበት ነበር። የመጨረሻውን አሜን አስፋው ነው ያለው፤ አፉን ሳይከፍት።

የምነግራችሁ ተረት ስላልሆነ ሁሉም በደስታ ኖሩ አልልም። ሰርጉ ብዙ ጭቅጭቅ ነበረው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን አልፈቀደም፣ የእነሱም ቸርች ደስ አላለውም። በመጨረሻ በመንግሥት ሹም ፊት ተፈራርመው በአዳራሽ በሽማግሌ ምርቃት ተጋቡ። አስፋው በሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ላይ ተወቀሰ። ለሳምንታት አኮረፈኝ። ሚስ ሊን ነገሩን በእጅ ምልክት ስነግራት መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ እስክታለቅስ ሳቀች። አሁን ሁለታችንም ከዚያ ረግረግ አንቆርጥም፤ ከገበያ እየገዛን እንቀቅላለን። ጣዕሙ ያው ነው፣ የሚጎድለው ፍርሃቱ ነው።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ከዚህ ምን ትወስዳላችሁ ብዬ አስቤ ነበር። ስለ ቅጠሉ የምመክረው ቀላል ነው። የውሃ ፌጦ ምግብም መድኃኒትም ነው፤ ግን የማታውቁትን ረግረግ አትመኑ፣ ያወቃችሁትንም አብስሉት። ስለ ሌላው ግን መምከር ይከብደኛል። ብዙዎቻችሁ፣ በተለይ እናቶች፣ በገዛ ቤታችሁ ጉዳይ ሲቆረጥ ሳህን አንሺ ሆናችሁ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ ለመናገር መመረዝ የግድ መስሎኝ ነበር። ሳስበው ግን አልተመረዝኩም ነበር እኮ! ሙሉ ጤነኛ ሆኜ ነው የተናገርኩት። እንግዲያው ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሁሉ ምን ይዞኝ ነበር? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩትም።

የተለወጠ ነገር ካለ ይኼ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጋሽ መኮንን ራሳቸው ለአንድ ጉዳይ አብሬያቸው ሽማግሌ ሆኜ እንድሄድ ጠየቁኝ። ሴት ሽማግሌ! ሰው አጉረመረመ። ሄድኩ። ከዚያ ሌላ ጠራኝ፣ ሌላም ጠራኝ። የሚጠሩኝ ቤቶች ምግብ እንዳልነካ አስቀድመው ይቀልዱብኛል።

አስፋውም ቢሆን አሁን ከናቲ ጋር ኳስ ያያል። ግን በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘንድ ልጁን ለጴንጤ ሰጠ መባልን አልወደደውም። ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወዳጁ «አንተ እያለህ እንዴት ሆነ?» ብሎ ሲጠይቀው ከኋላቸው ቆሜ ነበር፤ አላየኝም።

«እኔ ምን ላድርግ?» አለ አስፋው እጁን ዘርግቶ። «ዘኒ ናት የሰጠችው።»

ለመውቀስ ነው ያለው። እኔ ግን ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ቀና ብዬ በመካከላቸው አለፍኩ።